ጸጉሯን ስሰራላት የምታወራኝ ወሬ

ስለ ልጆች ደስታ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ልደት ነው፣ ሽርሽር ነው፣ የክርስትና ድግስ ነው፣ ስልካችን ውስጥ ያለው ፎቶም አብዛኛው የነዛ ቀን ነው። እኔም ኬኩንም ፊኛውንም እወዳለሁ፣ ግን የትልቋ ልጄ አምስተኛ አመት ልደት ቀን ምን አለችሽ ብትሉኝ ቤቱ ሰው ሞልቶት ስለነበር አንድ ቃል አልያዝኩም። እሁድ ከሰአት ጸጉሯን ስሰራላት የምትለኝን ግን ቃል በቃል ልነግራችሁ እችላለሁ። ልጅ ሆዱ ውስጥ ያለውን የሚያወጣው ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ስትጠይቂው አይደለም፣ እጅሽ ስራ ይዞ አይንሽ ሌላ ቦታ ሲሆን ነው። እኔ በሁለቱም ልጆቼ ያየሁት ይሄንን ነው።

ጸጉር የሚሰራው ከምሳ በኋላ ነው። እኔ ሶፋው ላይ እቀመጣለሁ፣ እሷ በርጩማዋን ጎትታ አምጥታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጉልበቶቼ መሀል ትገባለች። መጀመሪያ የሳምንቱን ሹሩባ መፍታት አለ፣ እዛ ላይ ስራ እንካፈላለን፣ ከፊት ያለውን እሷ ከኋላ ያለውን እኔ። ከዛ ትንሽ ውሃ ረጨት ረጨት፣ ቅባት፣ ከዛ ማበጠሪያው ከጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ከስር ከጀመርሽ ነው ልጅ የሚያለቅሰው። እናቴ እኔን ስታበጥረኝ የጸጉሩን ስር በሌላኛው እጇ ጨበጥ አርጋ ይዛ ነበር፣ ጭንቅላቴን እንዳይስበኝ፣ እኔም እንደዛው ነው የማደርገው። ከዛ በማበጠሪያው ጫፍ መስመር አወጣና ከግንባሯ ወደ ኋላ ቁጥርጥር እጀምራለሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ዝም ነው። ሁለተኛው ላይም ብዙ አታወራም፣ ዶቃዎቿን ጭኗ ላይ በቀለም በቀለም እየለየች ነው። ሶስተኛው ላይ ወሬው ይመጣል።

ባለፈው እንዲህ አለችኝ፣ "ማሚ አርብ ቀን ሚስ አልሳቀችም።" እንዴ ለምን አልኳት። "እንጃ፣ ርቧት መሰለኝ፣ ሙዜን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት።" ከዛስ? "ከዛ ልጣጬን ስጪኝ አልኳት፣ ማሚ ቆሻሻ አታዝረክርኪ ብላኛለች አልኳት፣ ከዛ ሳቀች።" እኔ እኮ አርብ ማታ ትምህርት ቤት እንዴት ነበር ብያት "ጥሩ" ብላኝ ነው ያለፈችው። ያን ሁሉ ነገር ሁለት ቀን ሆዷ ውስጥ ይዛው ቆይታ ጸጉሯ ሲነካ ነው ያወጣችው። ስድስት አመት ልጅ ናት፣ የሰው ፊት አይታ አዝናለች፣ አስባለች፣ የራሷን መክሰስ ሰጥታለች፣ ይሄን ሳላውቅ ብቀር ኖሮ ብዬ እስካሁን ይሰማኛል።

ሌላ እሁድ ደሞ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ። "ማሚ አንቺ ከቢሮ ስትወጪ ስራሽ ያለቅሳል?" እጄ ቆመ። ትንሹ ወንድሟ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቀሚሴን ይዞ ስለሚያለቅስ እሱን አይታ ነው። አይ አያለቅስም አልኳት። "ታዲያ ማያለቅስ ከሆነ ለምን ሁሌ ትሄጂለታለሽ?" ስራ የሚሰጠንን ነገር ነገርኳት፣ የቤት ኪራዩን፣ የትምህርት ቤቱን፣ ወተቱን፣ ደሞ ስራዬን እንደምወደውም ነገርኳት፣ እውነት ስለሆነ። ትንሽ ዝም አለችና "እሺ፣ አታጥብቂው ግንባሬን" አለችኝ፣ በቃ አለፈ፣ ወደ ዶቃዋ ተመለሰች። ለእሷ መልሱ በቂ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ድምጼ ተቆራረጠ።

መቼስ ስራ ያላት እናት ይሄን ጥያቄ ገና ሳይጠየቅ ነው የምታውቀው። ትልቋን ስወልድ አዲሱ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ወጥቶ ነበር፣ በሱ መሰረት ከወሊድ በፊት 30 ቀን ከወሊድ በኋላ ደሞ 90 ቀን ፈቃድ አለ፣ እህቴ በድሮው በ377/96 ጊዜ ስትወልድ ከወሊድ በኋላ የነበራት 60 ቀን ብቻ ስለነበር የኔ ተሻሽሎ ነው ማለት ነው። ለአባት ደሞ 3 ቀን ገብቶለታል። ግን እዛው ጤና ጣቢያ ስትሄጂ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው የምትሰጪው ይሉሻል፣ ትክክልም ናቸው፣ እና ከ90 ቀኑ እስከ ስድስት ወሩ ያለው ጊዜ የእናት ጉዳይ ነው፣ በቢሮ ሽንት ቤት ወተት እያለቡ፣ ወተቱን በማቀዝቀዣ እቃ ይዞ በታክሲ መሄድ። ያን ጊዜ ያለፈች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። እኔ የማታዋን ሰአት እንዲህ የምሳሳላት ለዛ ይመስለኛል፣ ቀኑ የሌላ ስለሆነ።

ጠዋት ላይ እንደምታውቁት ሩጫ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፣ ሰርቪሱ 1 ሰአት ከሩብ ግቢው በር ላይ ይደርሳል፣ ከዛ በፊት ፍርፍሩ፣ ምሳ እቃው፣ ጠፍቶ የሚፈለገው አንድ ካልሲ። እዚ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ሁሉም ቤት አንድ ነው። ግን ትልቋን ካሳፈርን በኋላ እኔና ትንሹ ተመልሰን ደረጃውን የምንወጣበት ጊዜ አለ፣ እሷን ነው የምወዳት። ሶስት አመቱ ነው፣ ያረፈደ ሰው ደረጃ ላይ እንዴት እንደሚወጣ አያውቅም፣ በየፎቁ ቆሞ በር ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች ይለያል። "ይሄ የጋሼ ነው፣ ይሄ የሚሚ ነው፣ ይሄ ደሞ የእማማ።" የሌለ ጫማ ካለ "ጋሼ ሄደ" ብሎ ያዝናል፣ አዲስ ጫማ ካየ እንግዳ መጥቷል ብሎ በሩን ሊያንኳኳ ይላል። እጁ እጄ ውስጥ ናት፣ ጠዋት ስለሆነ ትቀዘቅዛለች፣ በሶስተኛው ፎቅ ሞቃ ትደርሳለች። ቢሮ ዘግይቼ እንደምደርስ እያወቅኩ እንኳን ፍጠን አልለውም።

ማታ ደሞ ከሜክሲኮ ጀሞ የታክሲ ሰልፉን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አንዳንድ ቀን ቤት ስገባ ጨልሟል። በሩን ስከፍት ትንሹ መጀመሪያ የሚያቅፈው ቦርሳዬን ነው፣ ዚፑን ለመክፈት ምላሱን አውጥቶ ይታገላል፣ ውስጡ የሆነች ነገር አትጠፋም፣ ቆሎ በወረቀት የተጠቀለለች ወይ አንድ ሙዝ፣ አግኝቶ ለእህቱ አካፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው ወደኔ የሚመጣው። ከዛ እራት። የኔ ልጅ ጉርሻ የተማረው ከጎረቤታችን ከእማማ ነው (ወደሳቸው እመለሳለሁ)፣ እሳቸው አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለውታል፣ እና ልጁ ቃሉን ይዞ ቀርቷል። ከትሪው ጫፍ የጥፍር ያህል እንጀራ ይቆርጣል፣ ወጥ መንካት ይረሳል፣ በሁለት ጣቱ ተጭኖ ተጭኖ ያድበለብላታል፣ አፌ ጋር ስትደርስ የሱን እጅ ሙቀት ይዛ ነው የምትመጣው። ከዛ ሁለተኛዋን እስኪያዘጋጅ አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ፣ ሳላኝክ፣ ምክንያቱም "ቆይ እንዳንጣላ" ይለኛል። ምግብ ቤት ሄጄ የፈለግኩትን ባዝ ይቺን አላገኛትም።

ቅዳሜ የመታጠቢያ ቀን ነው፣ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣልን በጄሪካን ያስቀመጥነውን አሙቀን ሳፋ ላይ እናቀላቅላለን፣ ሙቀቱን በክንዴ እለካለሁ፣ ትንሹ ሳፋው ውስጥ ተቀምጦ ጀርባውን በጆግ ሳፈስለት አንገቱን ቀብሮ ትከሻውን ወደ ጆሮው ያነሳል። ልክ አባቱ ሲስቅ እንደሚያደርገው። ከዛ በጋቢ ጠቅልዬው ጭኔ ላይ ይዤው ስቀመጥ ከጋቢው የሚወጣው ፊቱ ብቻ ነው፣ የሳሙናው ሽታ ገና አልለቀቀውም፣ የዛን ጊዜ ስልክ ቢጠራ አላነሳም።

ስለ መብራት ልንገራችሁ። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ድሮ የሚሰማኝ ብስጭት ነበር፣ አሁን ልጆቹ ራሳቸው "ይጥፋ ይጥፋ" ነው የሚሉት፣ ቲቪውም ስልኩም ሲዘጋ እንቆቅልሽ ስለሚጀመር። የምታግዘኝ ልጅ ከጎጃም ነው የመጣችው፣ እድሜዋ ገና ነው ግን ተረትና እንቆቅልሹን ከአያቷ ከነድምጹ ይዛ መጥታለች፣ ጅቡን ስታወራ ድምጿ ወፍራም ይሆናል፣ ጦጣዋን ስታወራ ቀጭን። "ተረት ተረት" ስትል ልጆቼ "የላም በረት" ብለው የሚጮሁት ጩኸት ታችኛው ፎቅ ሁሉ ይሰማል። እኔ በልጅነቴ ተረት የለመድኩት ከአባባ ተስፋዬ ነው፣ ከ40 አመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ያወሩ፣ በ2009 ሲያርፉ ያለቀስኩላቸው፣ እኛ ቤት ቲቪ ሳይገባ በፊት ጎረቤት ሄደን መሬት ላይ ተደርድረን ነበር የምናያቸው። ልጆቼ ደሞ በሻማ ከአንዲት ወጣት ልጅ አፍ ሲሰሙት ሳይ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ነው የምላት፣ ደሞዝ ብቻ የሚከፍለው ነገር አይደለም።

ባለፈው መብራት በጠፋ ጊዜ ትልቋ የራሷን እንቆቅልሽ ፈጥራ መጣች። ሻማው መሀል ላይ ነው፣ ሁላችንም ዙሪያውን ተቀምጠናል።

"እንቆቅልህ!"

"ምን አውቅልሽ!" አለ ትንሹ፣ መልሱ እዚህ ጋር እንደሆነ ግን አያውቅም።

"መብራት ሲሄድ የሚነሳ፣ መብራት ሲመጣ የሚሞት።"

ልጁ ሻማውን ትክ ብሎ እያየ "ዳቦ" አለ። አይደለም። "እማማ" አለ። አይደለም። "ሀገር ስጠኝ!" አለችው። እኔ በጆሮው ጎንደር በላት፣ ሀዋሳ በላት እያልኩት ነው፣ እሱ ግን ትልቅ ነው ብሎ የሚያምነውን ሀገር ሰጣት። "ሱቁን ሰጠሁሽ።" ታች ያለውን ሱቅ ነው። እሷም አልማረችውም፣ "ሱቁ ገብቼ ምን አጥቼ፣ ብስኩቱ የኔ፣ ማስቲካው የኔ፣ ጁሱ የኔ፣ ለስላሳው የኔ" እያለች ስትዘረዝር ፊቱ ቀስ በቀስ ተቀየረ፣ ምን እንደሰጠ ገባው፣ ከዛ እሪ አለ። እሷ ደነገጠች። ሮጣ አቅፋው "እሺ እሺ ብስኩቱን መለስኩልህ፣ ጁሱንም፣ ማስቲካውን ብቻ እኔ" ብላ አስታረቀችው። ይሄን ማንም አላስተማራትም፣ እኔም ተይ ወይ ስጪው አላልኳትም፣ ገና አፌን ሳልከፍት ራሷ ጨረሰችው። እኔ የዛን ጊዜ በሻማ ብርሀን የነገ ሽንኩርት እየላጥኩ ስለነበር እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

አሁን ወደ እማማ። አጠገባችን ያለው በር የሳቸው ነው። የልጅ ልጃቸውን ነው የሚያሳድጉት፣ የትልቋ ልጄ እኩያ ነው፣ እናቱ ቤይሩት ሰው ቤት ትሰራለች፣ የሄደችው ልጁ ገና ዳዴ ሲል ነው። ልጁ ከልጆቼ ጋር ነው የሚውለው፣ እኔም እንደልጄ ነው የማየው፣ ጸጉር በሚሰራ ቀን እሱም ዶቃ መለየት ላይ ይገባል። እናቱ ማታ ማታ ቮይስ ትልካለች፣ አሰሪዎቿ ተኝተው እሷ ስራ ስትጨርስ ነው። የሷና የኛ ሰአት ቢበዛ በአንድ ሰአት ነው የሚለያየው፣ እና እሷ ከስራ ስትላቀቅ ልጁ እዚህ ተኝቷል፣ እሱ ሲነሳ እሷ ስራ ላይ ናት። ሀገሩ ሩቅ ስለሆነ ብቻ እኮ አይደለም የማይገናኙት፣ የስራዋ ሰአት ነው መሀላቸው የገባው።

እማማ ፊደሉ ላይ ስለማይበረቱ ስልኩን ወደኔ ያመጡታል፣ ቮይሱን አብረን ነው የምንሰማው። ይሄን የምጽፈው ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው። እና ታውቃላችሁ ምንድነው የምትጠይቀው? ስንተኛ ወጣ አትልም፣ ለልደቱ የላከችው ልብስ ልክ ሆነ ወይ ብላ አንዴ ጠይቃ አልፋለች። የምትጠይቀው "ማታ ምን በላ፣ በእጁ ነው የሚበላው ወይስ ታጎርሱታላችሁ፣ ሲተኛ በየት በኩል ነው የሚተኛው፣ ገላውን ሲታጠብ አሁንም ይፈራል ወይ፣ ከእንቅልፉ ሲነሳ መጀመሪያ ምን ይላል" ነው። ሁሌ እነዚህን ነው። ይሄን ስሰማ እኔ ልጆቼን በሳፋ ሳጥብ በጆግ ውሃ ሳፈስ በእጄ የያዝኩት ነገር ምን እንደሆነ ይገባኛል። እሷ ለዛ ልጅ ትምህርት ቤት ከፍላለች፣ ቤት ኪራይ ከፍላለች፣ ፍቅሯ ሙሉ ነው፣ የጎደላት እቺው ናት፣ ከእንቅልፉ ሲነሳ የሚላት የመጀመሪያ ቃል።

እና ከእማማ ጋር ተነጋግረን አንድ ነገር ጀመርን። ልጁን ሳናስጨንቀው፣ ተሰለፍ ፈገግ በል ሳንለው፣ ስራ ላይ እያለ ትንሽ ትንሽ እንቀርጽላታለን። ጫማውን በውሃ ጨርቅ ሲጠርግ። ፈንዲሻ ከሰፌዱ ላይ ያልፈነዳውን ሲለቅም። እማማ ቡና ሲያፈሉ ሲኒውን ሲደረድር፣ አራት ሰው እያለን አምስት የሚደረድረው ነገር አለው፣ ለማን ነው ሲሉት "ለሚመጣ ሰው" ይላል። ያቺን ስንልክላት ለሶስት ቀን ድምጿ ጠፍቶ ነበር፣ ከዛ "ደጋግሜ ነው የማያት፣ ሌላም ላኩልኝ" ብላ መለሰች።

ከሳምንታት በፊት ደሞ ጥርሱ ተነቀለ፣ የመጀመሪያው፣ የታችኛው የፊት። በቆሎ እየበላ ነው የወጣው፣ ደም ሲያይ ትንሽ ደንገጥ አለ፣ ትልቋ ልጄ ከሱ ቀድማ ሁለት ስለነቀለች እንደ ሀኪም ሆና አፉን አጉመጠመጠችው። ከዛ እማማ መወርወር አለበት አሉ። ጣራ ላይ ነው የሚወረወረው፣ እኛ ደሞ ሶስተኛ ፎቅ፣ ጣራው የት ነው። ሶስቱም ልጆች ወደታች ወረዱ፣ ከብሎካችን ጀርባ ያለው የጋራው ቤት ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ጣራ አለው፣ ልጁ ጥርሷን በጡጫው ጨብጦ አይኑን ጨፍኖ "ያረጀውን ወስደህ አዲሱን ስጠኝ" ብሎ ወረወራት። አልደረሰችም። ተመልሳ ሳር ውስጥ ወደቀች፣ ሩዝ የምታክል ነገር ናት፣ ሁላችንም ተንበርክከን ፈለግን፣ የጥበቃው ጋሼ ሳይቀሩ ዱላቸውን አስቀምጠው ፈለጉ፣ ትንሹ ነው ያገኛት፣ ለመሬት ቅርብ ስለሆነ። ሁለተኛው ላይ ቆርቆሮው ላይ "ቂው" ስትል ሰማናት፣ ልጆቹ ጨፈሩ፣ እማማ ከላይ ከበረንዳ እልል አሉ።

ያን ቀን ስልኬ ዘግቶ ስለነበር አልቀረጽነውም። ማታ ለእናቱ በቮይስ ነገርናት፣ እኔ ጀመርኩት እማማ ጨመሩበት፣ ስለ ሳሩም ስለ ጥበቃውም፣ ልጁ ራሱ ነቅቶ ስለነበር "ማሚ አፌ ውስጥ በር አለ አሁን" ብሎ ገባበት። እሷ መልሳ የላከችው ድምጽ መጀመሪያ ሳቅ ነው፣ ከዛ ለቅሶ ነው፣ ከዛ ደሞ ሳቅ ነው። መጨረሻ ላይ "የሚቀጥለውን እንዳታሳልፉብኝ አደራ" ብላለች። አጠገቡ ያለችው ጥርስ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መነቃነቅ ጀምራለች፣ ትልቋ ልጄ ጠዋት ጠዋት ሰርቪስ ከመግባቷ በፊት አፉን አስከፍታ ታያለች፣ እኔ ስልኬን ቻርጅ ሳላደርግ አልተኛም፣ እማማም ዛሬ ገበያ ሲሄዱ በቆሎ ገዝተዋል።